የእናቴ አራት ሰከንድ

እናቴ ማሚቱ ጠመንጃ መያዝ የተማረችው በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አስተማሪዋ ጎረቤታችን ገቢሳ ነበር፤ አጣዳፊዋ ደግሞ እኔ ሴት ልጇ ቤዚ። የማጣደፉን ነገር ባላወራው ደስ ይለኛል፤ ግን እሱን ትቼ የእናቴን ታሪክ መናገር አልችልም።

የተወለድኩበት ሰፈር ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። አምባ ዘጠኝ ይባላል። ከባምባሲ ከተማ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰዎቹን ከወሎ በጭነት መኪና አምጥተው ሲያራግፉ፣ ስም የሚያወጣ ሰው አብሮ አልመጣም መሰለኝ። እናቴ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ ነበረች። አባቴ ኪዳኔ ቤታችንን የሠራው ከረድፉ መጨረሻ ላይ ነው። ከቤቱ ጀርባ የማንጎ ዛፎች አሉ፤ ከማንጎዎቹ ኋላ የቀርከሃ አጥር፤ ከአጥሩ ወዲያ የዓብዱልባሲጥ ማሳ።

ዓብዱልባሲጥ በርታ ነው፤ የአገሩ ሰው። ወላጆቼ በመጡበት ዓመት ወባ ሰፈሩን ሲያጋድመው፣ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲወድቁ፣ በጓሮ በኩል የማሽላ ገንፎ ይዞ የሚገባው እሱ ነበር። ያን ጊዜ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም። ከዳኑ በኋላ አባቴ ጓሮውን አጠረ፤ ሲያጥር ግን አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ሆን ብሎ ተወ። ዓብዱልባሲጥ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ ክፍተት ገብቶ፣ ሳይጣራና ጉሮሮውን ሳይጠርግ፣ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ይቀመጣል። በፊት ለፊቱ በር ቆሞ «ቤቶች!» የሚለው እንግዳ ነው፣ ወይም የቀበሌ ሰው። ዓብዱልባሲጥ አንድ ቀን ቢጣራ ኖሮ አባቴ ምን አስቀየምኩት ብሎ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። እኔ «ኻሎ» ነው የምለው፤ በእነሱ ቤት የእናት ወንድም እንደዚያ ነው የሚጠራው።

አባቴ ሲሞት ከተወልን ነገር ሁሉ የከበደን አንድ ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ ነው። ከርከሮና ዝንጀሮ በቆሎውን ሲያወድምበት ፈቃድ አውጥቶ የገዛው ነው። ሰው ላይ አነጣጥሮበት አያውቅም። ዝንጀሮዎቹ ላይም ቢሆን አፈሙዙን ወደ ሰማይ አንስቶ ነበር የሚተኩሰው። «እነሱም ልጅ አላቸው» ይላል። ዝንጀሮዎቹም ይህን ነገር ሳይደርሱበት አልቀሩም፤ በኋላ በኋላ ተኩስ ሲሰሙ በቆሎውን እንደያዙ ቀና ብለው ያዩትና መብላታቸውን ይቀጥሉ ነበር። ከሞተ በኋላ ጠመንጃው በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ ሦስት ዓመት አልጋ ሥር ተኛ።

በ2014 ዓ.ም. ግን ነገር ተበላሸ። ከሌላ ወረዳ ፍራሻቸውን ተሸክመው ወደ አሶሳ የሚያልፉ ሰዎች በየሳምንቱ ይታያሉ። ወሬው ብዙ ነው፤ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ፍርሃት የፈጠረው። ይህን ግርግር ተገን ያደረጉ ሌቦች ደግሞ ሰው ገበያና ለቅሶ ሲወጣ እየጠበቁ በጠራራ ፀሐይ ቤት መግባት ጀመሩ። ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ፣ መሣሪያ ያለው ቤት ወይ አያያዙን የሚያውቅ ሰው ያስመዝግብ፣ ወይ መሣሪያውን ያስረክብ አለ።

እኔ የምሠራው አሶሳ ከተማ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ወደ እናቴ የምሄደው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ስድስቱን ቀን ብቻዋን ናት። እኔ ዘንድ ነይ ብዬ ለምኛታለሁ፤ ማንጎዎቹን ለማን ልተዋቸው አለችኝ። ስለዚህ ጠመንጃውን ለመመለስ ስታስብ የተቆጣሁት እኔ ነኝ።

«እማ፣ ተማሪው» አልኳት። «ሰው መግደል አይደለም። ቤትሽን መጠበቅ ነው።»

«ያ ረቢ! በዚህ ዓይኔ?»

«መነጽር እገዛልሻለሁ።»

ገዛሁላት። ገቢሳም ሊያስተምራት ፈቃደኛ ሆነ። ገቢሳ ከወለጋ የመጣ ጴንጤ ነው። በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ አሁን የቀበሌውን ሚሊሻ የሚያሠለጥን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እሑድ እሑድ በመዘምራን ውስጥ የሚዘምር ሰው። እናቴን «አዴ ማሚቱ» እያለ በአክብሮት ይጠራታል።

የመጀመሪያው ቀን ጠመንጃውን አልነካችውም። ገቢሳ ወደ ጓዳ ገብቶ የቡናውን ዘነዘና አምጥቶ ሰጣት፤ ረጅሙን፣ የእንጨቱን።

«ይህ ምንድነው?» አለች እናቴ።

«ጠመንጃሽ። አንስቶ መያዙን በዚህ ትለምጃለሽ። ዘነዘና በስህተት አይተኩስም።»

የሰፈሩ ሴቶች አጥሩ ላይ ተደርድረው ሳቁባት። እናቴ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰክታ፣ ዘነዘናውን ትከሻዋ ላይ ደግፋ፣ የማንጎ ዛፍ ላይ ስታፈጥ ለመሳቅ ያልደፈርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ዘነዘናውን ሁለት ሳምንት ተሸከመች። ገቢሳ አይቸኩልም። «ሱታ፣ ሱታ» ይላታል በኦሮምኛ፤ ቀስ በይ ማለቱ ነው። ቀስ ብላ ታነሳለች፣ አፈሙዙ ሰማይ ያያል። ጣቷ ከምላጩ ውጪ ተዘርግቶ ይቆያል። ከዚያ ትጣራለች። «ማነው?» ትላለች፤ ትጠብቃለች። «ማነው?» ትላለች፤ ትጠብቃለች። ሦስተኛውን ጠርታ፣ የመጣውን ሰው ፊቱንና እጁን አይታ፣ ከዚያ ወዲያ ብቻ ነው አፈሙዙ የሚወርደው። ጠመንጃው ራሱ ሲመጣም ሥርዓቱ ያው ነበር። መሃሉ ላይ ታጥፎ ተከፍቶ ይቀመጣል። አውራ ጣት የሚያካክሉት ጥይቶች ለብቻቸው ቁም ሳጥን ላይ፣ በቆርቆሮ ውስጥ ናቸው።

ይህን ሁሉ የማየው በቅዳሜዬ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ስልኬን አውጥቼ ለካኋት። ከተቀመጠችበት ተነስታ፣ ጠመንጃውን አንስታ፣ ሦስቴ ተጣርታ እስክታነጣጥር አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ፈጀባት።

«እማ፣ በአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ እኮ ሌባው ፍየሎችሽን ፈትቶ፣ ደህና ሁኚ ብሎሽ ይሄዳል።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ፍጠኚ።»

ሰዓት ሲያዝባት እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። በልጅነቷ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ በቁጥር ተለክታ በርትተሻል የተባለችው ያን ጊዜ መጀመሪያዋ ነው። አሥራ ዘጠኙን አሥራ አራት አደረገችው። ከዚያ በታች አልወርድ ሲላት ምክንያቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጥሪዎቹ ናቸው ጊዜውን የሚበሉት።

«አንዴ ብቻ ጥሪ» አልኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ «አሁን ለልምምዱ ያህል ተዪው» አልኳት።

ገቢሳ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«ቤዚ፣ ማንን ነው የምትቀድሙት?»

«ሌባውን ነዋ።»

«ሌባ መሆኑን ማን ነገራችሁ?»

አንተ የድሮ ወታደር ነህ፣ ዘመኑ ተለውጧል የሚል ነገር ተናገርኩት። ገቢሳ ቆቡን አድርጎ ወጣ። በአምስተኛው ቅዳሜ እናቴ አራት ሰከንድ ገባች። ስልኩን ገልብጬ ሳሳያት እንደ ልጅ እጇን አጨበጨበች፤ አቅፌ ሳምኳት። በዚያ ቀን ከእኔ የበለጠ የኮራ ሰው ባምባሲ ወረዳ ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ባለው ሐሙስ ሌቦች ከእኛ ሦስት ቤት ወደሚርቀው ወደ ደባልቄ ቤት በቀትር ገቡ። ደባልቄ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ፍየሎቹን ነዱ፤ ቤት የቀረችውን እህቱን ገፍትረው ክንዷን ሰበሩ። ቅዳሜ ስመጣ እናቴ ጠመንጃውን ከጓሮው በር ጀርባ አቁማዋለች። ጥይት አጉርሳዋለች። አየሁ። ደግ አደረግሽ አልኳት።

ምሳ በልተን፣ እኔ ጓዳ ሳህን ሳጥብ፣ እናቴ ሳሎን በቆሎ ስትፈለፍል፣ ጓሮ የደረቀ የቀርከሃ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማን። የሰው እርምጃ ነው። ሳህኑን እንደያዝኩ ዞር አልኩ። እናቴ በቆሎውን ከጭኗ ላይ ስትበትን፣ ጠመንጃውን ስታነሳ፣ በሩን በእግሯ ስትከፍት አየሁ። እጆቿ በራሳቸው ይሄዳሉ። እኔ ነኝ ያስለመድኳቸው። ከማንጎው ሥር ገጀራ የያዘ ሰው ቆሟል።

ተኮሰች።

አፈሙዙ ገና ከሰማይ አልወረደም ነበር። ጣቷ ከምላጩ ውጪ መቆየት ሲገባው፣ በጥድፊያ ቀድሞ ገብቶ ሳበው። ፍንጣሪው የማንጎውን አናት መታው፤ ቅጠልና ጥሬ ማንጎ ሰውየው ላይ ረገፈ። ጥቂቱ ደግሞ ከጭንቅላቱ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ከግንዱ ላይ ተሰካ። ጭሱ ሲበተን አየነው። ኻሎ ዓብዱልባሲጥ ነው። በቀኝ እጁ ማክሰኞ ከእኛ የተዋሰውን ገጀራ ይዟል፤ በግራው በቅጠል የተጠቀለለ ባምያ።

መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው። የእሱ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁሉም አንተ ነው።

«ማሚቱ» አለ፣ «ገጀራህን አምጥቻለሁ።»

ገጀራውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ፤ ባምያውን ከጎኑ አስቀመጠ። ትከሻው ላይ የቀረውን ቅጠል እንኳን ሳያራግፍ በክፍተቱ ተመልሶ ሄደ። እናቴ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ጠመንጃውን ከእጇ ማስለቀቅ አልቻልኩም፤ ገቢሳ ሮጦ መጥቶ ነው ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቀው። መሣሪያውን አጥፎ ከፈተ፣ የቀረውን ጥይት አወጣና ኪሱ ከተተ። አልጮኸባትም።

«አዴ፣ ጠራሽ?»

እናቴ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«እኔ ነኝ ያስተውኳት» አልኩ። ድምፄ አስጠላኝ። ገቢሳ አየኝና ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት ሥራ ላይ እያለሁ እናቴ ደወለችልኝ። ታለቅሳለች።

«መጣ» አለችኝ።

«እሰይ! ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«በፊት ለፊት መጣ። ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ‹ቤቶች!› አለኝ። ግባ ብለው አልገባም አለ። ሌላ ባምያ በአጥሩ ላይ አቀብሎኝ ሄደ።»

ሠላሳ ሰባት ዓመት ሲገባበት የኖረው ቤት እንግዳ አደረገው። በማግስቱም እንደዚያው። አልተጣላንም፤ ሰላምታው አልቀረም፤ ያመጣው የነበረውን ነገር ሁሉ ያመጣል። ግን ይጣራል፤ አይገባም። እናቴ በስልክ በነገረችኝ ቁጥር የምትጠራው ያችኑ ቃል ነው። «ዛሬም ቤቶች አለኝ።» እህል አስጠላት። ጠመንጃውን ቀበሌ ወስዳችሁ ጣሉልኝ አለች። ገቢሳ ደግሞ መጣሉ ቀላል ነው፤ ሰውየውን ግን አይመልስልሽም አላት።

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሄድኩ። እናቴ ጠዋት ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው፣ በጓሮ በኩል ወጣች፤ ተከተልኳት። የአጥሩ ክፍተት ላይ ስንደርስ ትልቅ የእሾህ ቅርንጫፍ ተጋድሞበታል። ከወዲያ በኩል ነው የተደረገው። እናቴ እሾሁን አልነካችውም። ከእሾሁ ወዲህ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ኻሎ ከማሳው ሲመለስ አያት። መጥቶ ከእሾሁ ወዲያ እሱም ቁጭ አለ።

«እኔ አይደለሁም» አለ፣ ወደ እሾሁ እያሳየ። «ሚስት ነው ያደረገው። ሚስት ፈራ። ልጆች አሉ፣ አላህ ያውቃል፣ ሰውዬው ይሞታል፣ አለ።»

«እውነቷን ነው» አለች እናቴ።

«አንተ መጥፎ አይደለህም፣ ማሚቱ። እጅህ ፈጠነ።»

ይህን ጊዜ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ኻሎ፣ እኔ ነኝ ያፈጠንኳት። መጣራቱንም ያስተውኳት እኔ ነኝ። በስልክ እየለካሁ።» እንባዬ ቀደመኝ።

ኻሎ ስልኬን ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ገልብጦ ገልብጦ አየውና መለሰልኝ።

«ይህ ነው ሊገድለኝ የነበረው?» አለ። ሳቀ። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ እናቴ ግን አልሳቀችም።

«ወንድሜ» አለችው፣ «እጄ የለመደውን አይረሳም። ብምልልህ ምን ዋጋ አለው? ሌላ ነገር ላስለምደው ነው የምፈልገው። አንተ ካልመጣህ ግን አልችልም። እየደጋገምክ በዚህ በኩል ና። ጠመንጃው ገቢሳ ቤት ነው፤ እኔ ዘነዘና ነው የምይዘው።»

«እንደ ሌባ ልምጣ?»

«እንደ ልማድህ ና።»

ኻሎ ብዙ አሰበ። ከዚያ ተነስቶ የእሾሁን ቅርንጫፍ ከጫፉ ያዘና ወደ ጎን ጎተተው፤ አልጣለውም፤ ከጎን አስቀመጠው። ሚስቱ ከቤቷ ደጃፍ ሆና ታየው ነበር።

ያን ከሰዓት ገቢሳ መጣ። እናቴ ሳሎን ተቀመጠች፤ ዘነዘናው ከበሩ ጀርባ ቆመ። ኻሎ ከማሳው ተነስቶ በክፍተቱ ይገባል፤ ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል፤ እናቴ መጣራት አለባት። ስሟን እንደመናገር ቀላል ነገር ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ግን ዘነዘናውን አንስታ ደረቱ ላይ ካነጣጠረች በኋላ ነው አፏ የተከፈተው። ኻሎ ማንጎው ሥር ቆመ።

«ኸላስ» አለ፣ አለቀ ማለቱ ነው፣ «ሞትኩ።»

ተመልሶ ሄዶ እንደገና መጣ። እንደገና ሞተ። የጥድፊያ ልምምድ እንዲህ በቀላሉ እንደማይለቅ ያኔ ገባኝ። ገቢሳ ከጎኗ ሆኖ «ሱታ፣ አዴ፣ ሱታ» ይላል። እኔ በዚህ ጊዜ የተሰጠኝ ሥራ መቁጠር ነው፤ ሰከንድ ሳይሆን ሬሳ። በመጀመሪያው ቀን ኻሎ ሰባት ጊዜ ሞተ። በሁለተኛው ቀን አምስት ጊዜ። በየጊዜው ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። አንዴ ገጀራ፣ አንዴ ረጅም ቀርከሃ፣ አንዴ ማንቆርቆሪያ፣ አንዴ የታመመ ግልገል በክንዱ አቅፎ። ግልገሉን ይዞ የሞተ ጊዜ ራሱ አዘነ። «እኔ ይሁን፤ ይህ ምን አደረገ?» አለ። ይሄኔ እናቴም ሳትወድ ሳቀች። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ አጥሩ ድረስ መጥታ፣ ክፍተቱ ላይ ቆማ ታይ ጀመር።

በአራተኛው ቀን እናቴ አልተሳሳተችም። ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ዘነዘናውን አነሳች፤ ጫፉ ጣራውን ያያል። «ማነው?» አለች። «እኔ ነው» ይላል ኻሎ ከጓሮ። ደጋግሞ መጣ፤ ደጋግማ ጠራችው። በመጨረሻው ሙከራ ገጀራውን ይዞ መጣና መልስ አልሰጣትም። ሆን ብሎ ነው። እናቴ «ማነው?» አለች፤ ዝም። «ማነው?» አለች፤ ዝም። ላብ በጉንጯ ሲወርድ አየሁ። ሦስተኛውን ከመጣራቷ በፊት በበሩ ስንጥቅ አየች፤ ፊቱን አየች፣ እጁን አየች። ዘነዘናውን ሳታወርድ ቀስ ብላ በሩን ከፈተች።

«ዓብዱል፣ ለምንድነው የማትመልስልኝ?»

«አንድ ቀን ጆሮ አይሰማም» አለ። «አንድ ቀን ምላስ ይደርቃል። ያን ቀን ልሙት?»

እናቴ ዘነዘናውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወጣች። ገጀራውን ተቀበለችው። ኻሎ የሸራ ጫማውን ደጃፉ ላይ አወለቀና ገብቶ በቦታው ተቀመጠ። ገቢሳ ጠመንጃውን የመለሰላት ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ ተከፍቶ፣ ጥይቱ ለብቻ።

በሰኔ አንድ ረቡዕ አለቃዬ ቀድሜ እንድወጣ ፈቀደልኝና ሳልደውል ወደ እናቴ መጣሁ። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ተያዘ። ስለዚህ በኻሎ ማሳ በኩል አቋረጥኩ። ሚስቱ ደጃፏ ሆና አየችኝና በእጇ እለፊ አለችኝ። ክፍተቱ ላይ እሾህ የለም። አጥፌ የያዝኩት ረጅም ጥቁር ጃንጥላ በእጄ ነበር። ማንጎው ሥር ስደርስ የእንጨት በሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ማነው?»

የእናቴ ድምፅ ነው። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ሴትዮዋን ግን አላወቅኋትም። ቀና ስል ግንዱ ላይ፣ ከራሴ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ያ ፍንጣሪ የሰነጠቀው ቅርፊት አለ፤ ጥቁር ሙጫ ወርዶበት ደርቋል። ኻሎ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ነው የቆምኩት። እኔ ነኝ ልል ፈለግሁ፤ ኻሎ እንዳለው ምላሴ ደረቀ።

«ማነው?»

ጃንጥላውን መጣል እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንዴ ብቻ ጥሪ ያልኳት ትዝ አለኝ። ተዪው ያልኳትም። አሁን ያለሁት ከዚያ ወዲያ ነው፤ በምክሬ ጸንታ ቢሆን ኖሮ በማልኖርበት ጊዜ ውስጥ።

«ማነው?» አለች እናቴ ለሦስተኛ ጊዜ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ፣ እማ። ቤዚ።»

በሩ ተከፈተ። አፈሙዙ ሰማይ ያያል። ጣቷን አየሁት፤ ከምላጩ ውጪ ተዘርግቷል። ከኋላዋ ኻሎ ዓብዱልባሲጥ ባዶ እግሩን ተቀምጦ ባምያ ይከትፋል።

«ኸላስ» አለ ቀና ብሎ፣ «ቤዚ አልሞተም።»

እናቴ ጠመንጃውን አጠፈችና ከፍታ አሳየችኝ፤ ባዶ ነው። ጥይቶቹ በሽርጧ ኪስ ውስጥ ናቸው። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገች፤ መልሳ አደረገችና አየችኝ።

«ስንት ሰከንድ ፈጀ?» አለችኝ።

«አልለካሁም፣ እማ።»

«ደግ አደረግሽ» አለችና ጃንጥላውን ከእጄ ተቀበለችኝ።